«አ…» ብዬ ጀምሬ ያልጨረስኩት ቃል

ስናገር ምላሴ ይይዘኛል። ስጽፍ ግን አይይዘኝም፤ በጽሑፍ ልነግራችሁ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ብቻ በጽሑፍም ቢሆን ቶሎ ቶሎ አልሄድም፤ እየቆምኩ ነው የምሄደው። እባካችሁ ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው እናታችን በሞተች በሠላሳ አንደኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ ቀን እቆጥር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፤ ውጤቴ ግን የትም አላስገባኝም። የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ ማለቴ ፎቶውን ነው የማውቀው። እናቴ ስትሄድ እኔና ታላቅ እህቴ ወይንሸት ብቻ ቀረን። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ እታበባ ነው የምላት።

እታበባ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ ክፍል አጽጂ ነበረች። ሥራዋን ትወደው ነበር። አንሶላ እንዴት ተወጥሮ እንደሚታጠፍ በእናቴ አልጋ ላይ ታሳየን ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ስለ ጋሪው ነገረችን። ፎጣውና ሳሙናው የሚጫንበት ባለ ጎማ ጋሪ ማለቴ ነው።

«ክፍል ስናጸዳ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ጋሪው በሩ ላይ ይቆማል» አለች። «ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

«እንግዳው ዕቃ ጠፋብኝ እንዳይል» አለች እናቴ።

«እሱም አለ። ዋናው ግን ለእኛው ነው። ጋሪው በሩ ላይ ካለ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ ያየናል። ማንም በሩን ሊዘጋብን አይችልም።»

«ጎሽ!» አለች እናቴ። «ያንን ሕግ ያወጣው ሰው ሴት ልጅ ያሳደገ መሆን አለበት።»

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለታሪኩ ያስፈልጋል። ምላሴ ሲይዘኝ ሰው ሁሉ ቃሌን ይጨርስልኛል። አስተማሪዎቼ፣ ባለ ሱቁ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ እታበባም ሳትቀር። ክፋት አይደለም፤ ሊረዱኝ ነው። እኔም ትክክል ቢሆንም ባይሆንም ራሴን እነቀንቃለሁ። በቃ፣ እንዲያልፍ። እናቴ ብቻ ጨርሳልኝ አታውቅም። የያዘችውን ነገር ታስቀምጥና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ሽንኩርቷ እያረረ እንኳ ጠብቃኝ ታውቃለች።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የሆቴሉ ሠራተኞች በሚኒባስ መጡ። ከፊት ጋሽ ኃይሉ ነበር። ጋሽ ኃይሉ የክፍል አጽጂዎቹ አለቃ ነው፤ እነሱ ሱፐርቫይዘር ይሉታል። ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። የእድራችን ወንበር አልበቃ ሲል ከሆቴሉ ወንበር ያስጫነልን እሱ ነው። የእታበባን የሀዘን ፈቃድ ያስረዘመላትም እሱ ነው። ሊሄድ ሲነሣ እስከ ድንኳኑ ደጃፍ ሸኘሁት። ዕድርተኛው ሁሉ ያየናል።

«ጋሽ ኃይሉ» አልኩ። «ስለ እህቴ አ… አ… አ…»

ትከሻዬን ያዘኝ። «አደራ ነው የምትለኝ?» አለ ጮክ ብሎ። «ገባኝ፣ ልጄ። አደራህን ተቀብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለወይንሸት አባትም ወንድምም እኔ ነኝ።»

«እንዲህ ያለውን ሰው ያብዛልን!» አሉ አንድ የእድሩ ሽማግሌ።

እኔ ልል የነበረው «አመሰግናለሁ» ነው። ስለ እህቴ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ግን እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ በኋላ ማታ ሳስበው እንኳ አልከፋኝም። እንዲያውም እሱ ያለው እኔ ልለው ካሰብኩት የተሻለ መሰለኝ። አደራ ትልቅ ቃል ነው። በሞተ ሰው ድንኳን ፊት፣ ሰው እየሰማ የተሰጠ አደራ ደግሞ መሐላ ማለት ነው። እህቴ ጠባቂ አገኘች ብዬ ተኛሁ።

እታበባ ሥራ ከተመለሰች በኋላ ተለወጠች። እኔ ሀዘን ነው አልኩ። ምግብ አትበላም። የሀዘን ጥቁር ሻሿን በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ ታጥባለች፤ ንጹሑን ሻሽ ደጋግማ ታጥበዋለች። ጠዋት ጠዋት ስትወጣ «ጋሽ ኃይሉን ሰላም በይልኝ» እላታለሁ። በየቀኑ ነው ያልኳት። አሁን ሳስበው ፊቴን የት ላድርግ እላለሁ። ዝም ብላ ትወጣለች።

አንድ ቀን ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል «ሳሚ፣ ይሄን ሥራ ብለቀው ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«እን… እን…»

«እንዴት እንኖራለን ልትል ነው። እሺ፣ ተወው። አልለቅም።»

እኔ ልል የነበረው «እንደፈለግሽ» ነው። ራሴን ነቀነቅኩ።

እንግዲህ ወደ ሠላሳ አንደኛው ቀን ልምጣ። ሐሙስ ነበር። እታበባ በማለዳ ወጥታለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አልጋዋ ሥር የሆነ ነገር ጢር አለ። ስልኳ ነው፤ ረስታው ሄዳለች። ያን ጊዜ እኔ የራሴ ስልክ አልነበረኝም። መልእክት ገብቷል። ያኔ አብዛኛው ሰው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የሚጽፈው፤ ለማንበብ ትንሽ ያንገዳግዳል። ላኪው «ሱፐርቫይዘር» ይላል። ፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት።

«304 ባዶ ነው። አራት ተኩል ላይ ግቢና ሥሪው። ዛሬ ጋሪውን ወደ ውስጥ አስገቢው።»

እኔ ሞኙ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? መልእክቱ ሳይደርሳት ቀርቶ እንዳትቀጣ ብዬ ደነገጥኩ። ከሳምንት በፊት ስልክ አላነሣሽም ተብላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል። ከሥራ ከወጣች ምን ልንሆን ነው? ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ሮጥኩ። ያ ሰው ለእህቴ የላከውን መልእክት እኔ ራሴ ላደርስለት ሮጥኩ።

እስከ ስታዲየም በእግሬ ሄጄ የካዛንቺስ ታክሲ ያዝኩ። መስቀል አደባባይ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩ እንደገና ጢር አለ።

«ወይኔ፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ እንዳታደርጊኝ። ወንድምሽ ለማን አደራ እንደሰጠሽ አትርሺ።»

አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደገምኩት። እህቴን «ወይኔ» ብላ የምትጠራት እናቴ ብቻ ነበረች። እና «እንደ ትናንቱ» ማለት ምንድን ነው? ትናንት ምን አደረገች? አደራ የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል እንደገና ለቀምኩት። ሥራ አበላሽታ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ተቆጥቷት ይሆናል፤ አባት ይቆጣል። እንዲህ እያልኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ራሱ ነው።

ስልክ ላይ ምላሴ ይብስብኛል። አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭኜ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። «ሄ…» የሚለው እንኳ አልወጣም። ትንፋሼ ብቻ ነው የተሰማው።

«ዛሬም ዝም ነው?» አለ። ያ የለሰለሰ ድምፅ። «ምንም አይደል። አንቺ ዝም ስትይ እሺ ማለትሽ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ጋሪውን እንዳትረሺ።»

ዘጋው።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አየችኝና ፈቀቅ አለች።

«ወ… ወራጅ!» አልኩ።

«እዚህ አይወረድም፣ ትራፊክ ቆሟል!» አለ ረዳቱ።

«ወራጅ አለ!»

«አቦ ጎረምሳው፣ ፍቅረኛህ ዘጋችብህ እንዴ? ቻለው!» ሰዉ ሳቀ። በሩን ራሴ ስቤ ወረድኩ።

ወደ ካዛንቺስ የሚወስደውን ዳገት ሮጥኩት። ስሮጥ በአእምሮዬ የነበረው ጋሪው ብቻ ነው። ጋሪው በሩ ላይ ካለ ማንም በሩን ሊዘጋብን አይችልም፤ እንዲህ ነው ያለችው። ጋሪው ወደ ውስጥ ከገባስ? ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈለግኩም። እሷ መልእክቱ አልደረሳትም፤ ጋሪውን አታስገባም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ቀጥዬ ደግሞ፣ ጋሪ ለማስገባት ምን ያስፈልጋል? መግፋት ነው፤ እሱም እጅ አለው አልኩ።

ሆቴሉ በር ላይ ስደርስ አራት ሰዓት ከሃያ ይላል። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። ለቅሶው ላይ ስላልነበሩ አያውቁኝም።

«ማንን ፈለግህ?»

«ወ… ወ…»

«ወሰኔን?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ልማድ ነዋ! ወዲያው ገባኝ፤ ግን እሳቸው ቀጥለዋል።

«ወሰኔ ዛሬ ዕረፍት ናት። ነገ ና።»

«አይ… አይ… ወ…»

«ነገ አልኩህ እኮ። ምን ያደርቅሃል? እንግዳ ይወጣል ይገባል፣ በሩን ልቀቅ።»

ክርናቸውን ያዝኳቸው። እጄን ሊያስለቅቁኝ ሲሉ ከጓሮ በኩል አንዲት ሴት የአንሶላ ጥቅል ታቅፋ ብቅ አለች። እትዬ አስካለ ናት፤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ኃላፊ። ለቅሶው ላይ እታበባን አቅፋ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

«አንተ የወይንሸት ወንድም አይደለህ? ምን ሆነህ ነው እንዲህ ላብ በላብ የሆንከው?»

ለመናገር አልሞከርኩም። ስልኩን ከፍቼ የመጀመሪያውን መልእክት ሰጠኋት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ጥቅሉን መሬት ላይ ለቀቀችው፤ ንጹሕ አንሶላ ነበር።

«ጋሪውን ወደ ውስጥ?» አለች ቀስ ብላ። «ለማን ነው የተላከው?»

«ለ… ለእህቴ።»

«ደርሷታል?»

ራሴን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ።

«ጋሽ ወልዴ» አለች ወደ ዘበኛው ዞራ፣ «ይሄን ልጅ እኔ ነኝ የማስገባው። የሚጠይቅዎት ካለ አስካለ በሉ።»

«ኧረ በሥራ ሰዓት…»

«አስካለ በሉ አልኩ!»

በሠራተኛ ደረጃ ወጣን። ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ጉልበቷን ያማታል መሰለኝ ግድግዳውን እየተደገፈች ነው የምትወጣው፤ እኔ ግን ላልፋት አልደፈርኩም። መንገዱን አላውቀውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብላ ተነፈሰች።

«ካንተ እህት በፊት አንዲት የሐዋሳ ልጅ ነበረች» አለችኝ ሳትዞር። «ልብሷን ሳትቀይር፣ በዩኒፎርሟ ወጥታ ቀረች። ምን ሆና ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራ ከብዷት ነው አሉ፤ እኔም እሺ አልኩ።»

ሦስተኛው ፎቅ ደረስን። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ዓይኔ ጋሪ ፈለገ። አንድ ክፍል በር ላይ ጋሪ ቢቆም ኖሮ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር፣ በደስታ። ጋሪ የለም። ምንጣፉ ላይ ግን ሁለት የጎማ መስመር አለ። ተከተልነው። 304 በር ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጠፋ።

በሩ ዝግ ነው።

እትዬ አስካለ አንኳኳች። «ሃውስኪፒንግ!»

እንደገና አንኳኳች።

«ሃውስኪፒንግ!»

«ሥራ ላይ ነን!» አለ የወንድ ድምፅ። «ቆይተሽ ነይ!»

ከውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል። ቧንቧ ተከፍቶ የተተወ ዓይነት። በዚያ ውኃ ውስጥ የእህቴን ድምፅ ለመስማት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። የለም። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም በኋላም አላውቅም። እናቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም፤ ያ ያለቀ ነገር ነበር። ይሄ ግን ከእንጨቱ ማዶ እየሆነ ያለ ነገር ነው፤ ወይም ጨርሶ ያልሆነ። አላውቅም።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

«ጋ… ጋሽ ኃይሉ! እኔ ነኝ! የወይንሸት ወ… ወንድም ነኝ!»

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ የጋሪው ጎማ ሲጎተት ተሰማ። ቁልፉ ተጠመዘዘ። ጋሽ ኃይሉ በሩን ግማሽ ከፍቶ ቆመ። ከረባቱ አልተበላሸም። ፀጉሩ አልተበላሸም። ፈገግ አለልኝ።

«ሳሙኤል! ልጄ! ምነው፣ በደህና?»

ትከሻውን አልፌ ተመለከትኩ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ጋሪው መሃል ክፍሉ ላይ ቆሟል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ዝግ ነው፤ ውኃው የሚሰማው ከዚያ ነው።

«እህትህን ራሷን አዞራት» አለ። «ሀዘን ነው፣ ሌላ አይደለም። ትንሽ አረፍ በይ አልኳት። አደራ የሰጠኸኝ አይደለህ?»

«ጋሪው ለምን ገባ?» አለች እትዬ አስካለ ከኋላዬ።

«አንቺ ላውንደሪ ነሽ። ወደ ቦታሽ።»

«ጋሪው ለምን ገባ ነው ያልኩት።»

«እታበባ!» ብዬ ጮህኩ።

ውኃው ቆመ። የመታጠቢያ ቤቱ መቀርቀሪያ ተሳበ፤ ከውስጥ ነው የተቆለፈው። እህቴ ወጣች። ጥቁር ሻሿ ራሷ ላይ የለም፤ ጭምድድ አድርጋ በግራ እጇ ይዛዋለች። በቀኝ እጇ ረጅሙን የመጸዳጃ ብሩሽ ጨብጣለች። እኔን አይታም ብሩሹን አልለቀቀችም።

«ደህና ነኝ» አለች። እኔን ነው ያየችው። «ገብቼ ቆለፍኩት። ደህና ነኝ።»

ኮሪደሩ ላይ በሮች ተከፋፈቱ። ከሌላ ክፍል አንዲት አጽጂ ልጅ፣ ከአሳንሰሩ በኩል አንድ ሻንጣ ተሸካሚ፣ ቲሸርት የለበሰ እንግዳ። ጋሽ ኃይሉ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንደዚያን ዕለት ትከሻዬን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

የምለው ነገር ነበረኝ። ዳገቱን ስሮጥ ነው ያገኘሁት። አፌን ከፈትኩ።

«አ… አ… አ…»

«አመሰግናለሁ ነው?» አለ ፈገግ ብሎ፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ አድርጎ። «ምንም አይደል፣ ልጄ። ግዴታዬ ነው። በል አሁን እህትህን ይዘህ ቤትህ ግባ።»

ራሴን ልነቀንቅ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንገቴ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ እህቴን አየኋት። እሷ ሁልጊዜ ቃሌን ትጨርስልኛለች። አሁን ግን ከንፈሯን ገጥማ ትጠብቀኛለች። እትዬ አስካለም ትጠብቀኛለች። ኮሪደሩ ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል።

ራሴን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ።

«አ… አ…» ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «አ… አደራ አልሰጠሁዎትም።»

«ምን?»

«አደራ አል… አልሰጠሁዎትም። ያን ዕለት አመሰግናለሁ ልል ነበር። አደራ ያሉት እርስዎ ነዎት። እ… እህቴ የማንም አደራ አይደለችም።»

ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ነገር በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ጋሽ ኃይሉ እጁን ሰበሰበ። አንድ ነገር ሊል ፈለገ፤ እሱ የሚጨርሰው ቃል ግን ከማንም አልወጣለትም። እትዬ አስካለ በአጠገቡ አልፋ ገባችና ጋሪውን ጎትታ አወጣችው። በሩ ላይ፣ ልክ ቦታው ላይ አቆመችው።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቀመጡን። ጋሽ ኃይሉ የሚለው ነበረው። «ጋሪ አስገቢ ማለት ወንጀል ነው? የትኛው ቃል ነው ነውር? አንብቡት!» እውነቱን ነው። መልእክቱን የውጭ ሰው ቢያነበው ምንም አያገኝበትም። ሥራ አስኪያጇ ግን የውጭ ሰው አልነበረችም። እሷም በልጅነቷ ክፍል አጽድታለች። ስልኩን ይዛ «ጋሪውን ወደ ውስጥ» የምትለዋ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሣችም።

መጨረሻው ያሰብኩትን ያህል አልሆነም፤ አልዋሻችሁም። ሁለት ሌሎች ክፍል አጽጂ ልጆች መጥተው ቃላቸውን ሰጡ። ጋሽ ኃይሉ ከሥራ ወጣ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «በገዛ ፈቃዱ» ነው የሚለው። ፖሊስ ጣቢያም ሄደን ነበር። መርማሪው «ነካሽ? አልነካሽም?» እያለ ደጋግሞ ጠየቃት። ተራዋ ደርሶ 304 ስትገባ ጋሪውን ራሱ ገፍቶ እንዳስገባው፣ ሻሿንም ከራሷ ላይ እንዴት እንደገፈፈው ነገረችው። «ሻሽ ነው እንግዲህ» አለ። ፋይሉ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ሐሙስ ወደ ማታ ቤት ገብተን በእናቴ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ልጠይቃት ነበር። አልጠየቅኩም። ስልኩን አስቀመጥኩ፤ ጫማዬን አወለቅኩ፤ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ረጅም ጊዜ ነው የወሰደው። በመሃል ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምራ ተወችው። «ተቆጥቶሽ ነው? ፈርተሽ ነው?» ልላት ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ወንድምሽ በእናትሽ ድንኳን ፊት ለእኔ ሰጥቶሻል ይለኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ብትናገሪ የሚያፍረው እሱ ነው ይለኛል። አንተ ደግሞ በየጠዋቱ ሰላም በይልኝ ትለኛለህ። እውነት ሰጥተኸኛል ብዬ አሰብኩ፣ ሳሚ።»

«አል… አልሰጠሁሽም» አልኳት።

ይህን የምታነቡ ወንድሞች፣ አባቶች፣ እናንተን ልጠይቃችሁ። እህታችሁ ከሥራ መጥታ ዝም ስትል ዝምታዋን ምን ብላችሁ ትጨርሱላታላችሁ? እኔ «ሀዘን» ብዬ ጨረስኩት። እሱ «እሺ» ብሎ ጨረሰው። ሁለታችንም አልጠበቅናትም። የእኔ ከእሱ ጋር አንድ አይደለም ትሉኝ ይሆናል፤ ሰዎች እንደዚያ ብለውኛል። ግን ለእሷ በዚያ አንድ ወር ውስጥ ልዩነቱ ምን ነበር? ዛሬ በምላሴ አላፍርም። ታክሲ ውስጥም ሱቅም ሰው ቃሌን ሲጨርስልኝ ስህተት ከሆነ «አይደለም» እላለሁ፤ ወረፋው ቢረዝምም፣ ረዳቱ ቢሰድበኝም። አንዲት ሴት ቃል ጀምራ ስትተው ሳይ ደግሞ እናቴ እንደምታደርገው አደርጋለሁ፤ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ።

እታበባ ከእናቴ አርባ በኋላ ያንን ሆቴል ለቀቀች። ሦስተኛውን ፎቅ መርገጥ አቃታት። አሁን መስቀል ፍላወር አካባቢ በሌላ ሆቴል የክፍል አጽጂዎች አለቃ ናት። ፎቁን ስትዞር መጀመሪያ የምታየው አልጋውን ሳይሆን ጋሪውን ነው። ሻሽ አታደርግም። ታክሲ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ በሩ አጠገብ ካልሆነ አትቀመጥም።

ሥራውን በለቀቀች በሳምንቱ ዩኒፎርሟን ልመልስ እኔ ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ አሁን አወቁኝ፤ «ግባ፣ ግባ» አሉ። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ እንፋሎት ነው፣ ጫጫታ ነው። እትዬ አስካለ የትራስ ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ አጠገቧ ገና ያልተተኮሰ ተራራ አለ። ዩኒፎርሙን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

«እትዬ አስካለ» አልኩ። «ስለ እህቴ አ… አ…»

አየችኝ። ካውያውን በጀርባው አቆመችው። እጆቿን በሽርጧ ጠረገችና አጣጥፋ ጠበቀችኝ።

«አ… አመሰግናለሁ» አልኳት።